መልቀቂያ ከማስገባትዎ በፊት

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነኝ። የ5 ዓመት ሴትና የ2 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ማታ 12 ሰዓት ስገባ ትንሹ ያለቅሳል፣ ይመታኛል፤ ሞግዚቷን «እማ» ይላታል። የመምህራኑ ቴሌግራም እስከ 4 ሰዓት አያርፍም። አማቴ «ልጆችሽን ሠራተኛ አሳደገችልሽ» ይሉኛል። ኃላፊነቱን ትቼ ወደ ክፍል ልመለስ?

መልስ፦ መመለስ ነውር የለውም፤ ግን የክፍል መምህርም ማታ የሚታረም ደብተር ተሸክሞ ነው የሚገባው። ቢያንስ ምዝገባና ዕቅድ በሚደራረቡበት በነሐሴና በመስከረም አይወስኑ።

የልጅዎ ልቅሶ ጥላቻ አይደለም። የ2 ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ አምቆ የዋለውን የሚያራግፈው በሚተማመንባት ሰው ላይ ነው። ሲገቡ ስልክዎን ቦርሳ ውስጥ ትተው፣ ስለ ምሳው ሞግዚቷን ሳይጠይቁ፣ መጀመሪያ 20 ደቂቃ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው እሱ የመረጠውን ይጫወቱ። ቢመታዎ እጁን ያዝ አድርገው «መምታት የለም፤ ናፍቄህ ነው አይደል?» ይበሉት። ታላቋ ከመኝታ በፊት ለብቻዋ 10 ደቂቃ ትፈልጋለች፤ አብረው ከሆኑ ጊዜውን የሚወስደው ሁሌም የሚያለቅሰው ነው።

ጠዋት ተደብቀው የሚወጡ ከሆነ ይተዉት። ለጊዜው ልቅሶ ያስቀራል፤ ልጁ ግን እናቱ መቼ እንደምትጠፋ ስለማያውቅ ቀሚስዎን አልለቅ ይላል፣ ሌሊት ይባንናል። ስመው፣ «ማታ እመጣለሁ» ብለው፣ ቢያለቅስም ይውጡ፤ ከበር አይመለሱ።

«እማ» ማለቱ አያስደንግጥዎ። ልጅን የሚጎዳው ሞግዚቱን መውደዱ ሳይሆን ሞግዚት በየጥቂት ወሩ መለዋወጡ ነው፤ በቅናት እንዳያሰናብቷት። መቀየር ግድ ከሆነ የቀድሞዋና አዲሷ ሁለት ሳምንት አብረው ይዋሉ።

በእኔ ግምት ቤትዎን የበጠበጠው ሹመቱ ሳይሆን ስልኩ ነው። ከ12 እስከ 2 ሰዓት ተኩል የግሩፑን ድምፅ ያጥፉ፤ ከምክትሎችዎ ጋር በሳምንት ተራ ይግቡ። ተረኛው የሚደውልልዎ ተማሪ ሲጎዳ፣ የጸጥታ ችግር ሲፈጠር ወይም ወረዳው ለነገ ጠዋት ሪፖርት ሲፈልግ ብቻ ይሁን። ስምምነቱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ በቃል ከቀረ አይቆይም። ደግሞም ብዙ ጊዜ የምታፈርሰው ራሷ ኃላፊዋ ናት፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ መመሪያ አይላኩ።

ባለቤትዎን «አግዘኝ» ከማለት ሙሉ ሥራ ያስረክቧቸው፤ ለምሳሌ ታላቋን ማድረስና ሐኪም ቤት መውሰድ። አለባበሷን ካረሙባቸው ግን ሥራው ተመልሶ የእርስዎ ይሆናል። ለእናታቸው መልስ መስጠትም የእሳቸው ድርሻ ነው፦ «እማዬ፣ ተመካክረን የወሰንነው ነው»።

ለሁለት ወር ይሞክሩት፤ ካልቀለለ መመለሱን ያኔ ያስቡበት። እንቅልፍ ማጣት፣ ማልቀስ ወይም ለምንም ነገር ፍላጎት ማጣት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየብዎ ግን ሁለት ወሩን ሳይጠብቁ ባለሙያ ያነጋግሩ።