በቀን አንድ ሥዕል፣ በወር መጨረሻ የወይን ቅምሻ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

በዚህ ዓምድ የጀመርነው የመስከረም የሥዕል ቻሌንጅ ሁለት ሳምንት ሞላው። ሕጉ አጭር ነው፦ በቀን አንድ ሥዕል፣ ከ20 ደቂቃ ያልበለጠ፣ በዓይን ካዩት ነገር ብቻ። ከስልክ ላይ መገልበጥ አይፈቀድም። ወሩ ሲያልቅ፣ በጥቅምት የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ባቱ (ዝዋይ) ወርደን ወይን ቀምሰን በዚያው ቀን እንመለሳለን ብዬም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱኝ ጥያቄዎች እነዚህን መረጥኩ።

«ጋሼ፣ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ከበረንዳዬ የሚታየው ሮቶ፣ ዲሽና ያላለቀ ሕንፃ ነው። አሥር ቀን ሣልኩት፣ አለቀብኝ። ሌላ ቦታ ልፈልግ?»

አትፈልጊ፣ እዚያው በረንዳሽ ላይ ቆዪ። የላክሽልኝን ሥዕሎች አየኋቸው። በአሥሩም ላይ ሮቶው አንድ ዓይነት ነው፤ ከላይ ክብ፣ ከታች ክብ፣ በመካከል ጥቁር። ይህ የምታውቂው ሮቶ ነው። የምታዪው ሮቶ ግን በየሰዓቱ ሌላ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጥላው ጣሪያውን አቋርጦ ይዘረጋል። በመስከረም እኩለ ቀን ፀሐይ እኛ አናት ላይ ልትሆን ምንም ስለማይቀራት ጥላው ከሥሩ ይሰበሰባል። ዝናብ ሲያባራ ደግሞ ጥቁሩ ላስቲክ ሰማዩን ይስባልና አንዱ ጎኑ ነጭ ሊመስል ይችላል። ነገ ሮቶውን ሳይሆን ጥላውን ብቻ ሣዪ። ከነገ ወዲያ በሮቶውና በዲሹ መካከል ያለውን ባዶ ሰማይ ቅርጽ ሣዪ።

ጃፓናዊው ሠዓሊ ሆኩሳይ አንዱን የፉጂ ተራራ ከተለያየ ቦታና በተለያየ አየር ደጋግሞ ሠርቶታል። ሠላሳ ስድስት ዕይታ ብሎ የጀመረው ሥራ በመጨረሻ 46 ሆነ። አንቺም ተራራ አለሽ። በረንዳሽ ወደ ደቡብ የሚያይ ከሆነ ዝናብ አየሩን ባጠበበት ጠዋት ዝቋላን ፈልጊው። ሩቅ ያለ ነገር በመካከል ባለው አየር ምክንያት ይደበዝዛል፣ ወደ ሰማያዊም ያደላል። ስለዚህ ዝቋላን በቀጭን መስመርና በቀላል ቀለም፣ ሮቶውን በጠንካራ ጥቁር ሥሪ፤ ርቀቱ በራሱ ይመጣል።

«ሦስት ቀን አመለጠኝ። ከመጀመሪያው ልጀምር?» — ከቡራዩ

አይሆንም። ያመለጠውንም በአንድ ቀን ደርበህ አትክፈል፤ ለዕዳ የተሣለ ሥዕል ያስታውቃል። ዛሬ ስንተኛው ቀን ነው? ከዚያ ቀጥል። ሠላሳ ቀን ለሚያስፈራው ሰው ጳጉሜን አለችለት። አምስት ቀን፣ በሠግር ዓመት ስድስት፣ ለመጀመሪያ ሙከራ ከእሷ የተመቸ ወር አላውቅም።

ለምን ከፈረንጆቹ ኢንክቶበር ጋር አብረን እንዳልጀመርን የጠየቃችሁም አላችሁ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጄክ ፓርከር እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው ይህ ልምምድ የኦክቶበርን 31 ቀን በጽሕፈት ቀለም (ኢንክ) የመሣል ነው፤ ጥሩ ነገር ነው። ኦክቶበር የሚገባው ግን በእኛ መስከረም 20 ወይም 21 ላይ ነው። መስክ በአደይ አበባ ቢጫ በሚሆንበት ሰሞን ቤት ተቀምጦ መጠበቅ አላስቻለኝም።

«የውሃ ቀለምና የሥዕል ከሰል ዋጋው አይቀመስም። በቢክ ብቻ ልቀጥል ወይ?» — ከሰበታ

ቢክ ይበቃል፤ ግን ሁለቱንም ቤትህ ውስጥ ልታገኛቸው ትችላለህ። የማንደጃው ከሰል ደረቅ ስለሆነ ወረቀት ይቧጭራል። ስለዚህ ራስህ ሥራ። የእርሳስ ውፍረት ያላቸው የደረቁ ቀጫጭን እንጨቶች ልጣጫቸውን ግፈፍና በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አጥብቀህ ደርድር። ክዳኑን ግጠምና በምስማር አንዲት ቀዳዳ ብሳው። ከዚያ እሳት ውስጥ ቅበረው። በቀዳዳው ጭስ ይወጣል፤ ጭሱ ሲቆም አውጣው። ፈጽሞ ሳይበርድ ግን አትክፈተው፤ ትኩስ እያለ አየር ካገኘ ነዶ አመድ ይሆንብሃል። አውሮፓ ውስጥ ለዚህ ሥራ ከሚመረጡት እንጨቶች አንዱ የወይን ሐረግ ነው። ባቱ ስንደርስ የተገረዘ ቅርንጫፍ መሬት ላይ ካየን አስፈቅደን እንለቅማለን።

ለውሃ ቀለሙ ደግሞ ቡና አለህ። ሲኒዎቹን ለይተህ አስቀምጥ፤ አቦሉ ለጨለማው፣ ቶናው ለመካከለኛው፣ በረካው ለቀላሉ። በረካውን ቀብተህ ሲደርቅ ቶናውን፣ መጨረሻ ላይ አቦሉን ደርብበት። ከቀላል ወደ ጨለማ መሄድን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ነገር አላየሁም። ሠላሳ ዓመት ሣልኩ፣ ዛሬም በዚህ እሠራለሁ።

«የለመድኩት አክሱሚት ነው። ደረቅ ወይን ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይለኛል፣ አፌንም ይጨመድደዋል። እዚያ ሄጄ ሰው ፊት እንዳላፍር ሰጋሁ።» — አንድ አባወራ፣ ከለገጣፎ

ጋሼ፣ አክሱሚት መውደድ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ጠጅ ያውቃሉ አይደል? ብርዙ ጣፋጭ ነው፤ የማሩ ስኳር አለበት። እየፈላ ሲሄድ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፣ ኃይሉ ይጨምራል። ወይንም እንዲሁ ነው። ስኳሩ ከሞላ ጎደል እስኪያልቅ የፈላው «ደረቅ» ይባላል። እንደ ጉደር ያለው ቀይ ደረቅ ነው፣ አክሱሚት ደግሞ ጣፋጭ። ይህ የዓይነት ልዩነት እንጂ የማዕረግ አይደለም።

አፍ የሚጨመድደው ግን ከኮምጣጣነት የተለየ ነገር ነው። ያልበሰለ ሙዝ ነክሰው፣ ወይም ምድጃ ላይ ተረስቶ የጠቆረ ሻይ ቀምሰው ያውቁ ይሆናል፤ ያ ስሜት ነው። ታኒን ይባላል፣ ከወይኑ ልጣጭና ዘር ይወጣል። ቀይ ወይን ከነልጣጩ ስለሚፈላ ይበዛበታል፤ ነጩ አብዛኛውን ጊዜ ተጨምቆ ልጣጩ ከወጣ በኋላ ስለሚፈላ እምብዛም የለበትም። ቅዳሜ ዕለት ቀዩን በባዶ አፍ አንድ ጊዜ፣ ከጥብስ ጋር አንድ ጊዜ ይቅመሱት። ታኒኑ ሥጋውን ይይዝና ምላስዎን ይተውልዎታል። ያኔም ካልወደዱት አልወደዱትም፤ ይንገሩን፣ እንጽፈዋለን።

«የቅምሻ ወረቀት ላይ ብላክከረንት፣ ቼሪ፣ ራስፕቤሪ ይላል። አንዱንም በልቼ አላውቅም። ምን ልጻፍ?» — ነርስ ነኝ፣ ከሱሉልታ

በሕይወትዎ ያሸተቱትን ይጻፉ። ይህ ጥያቄ ልቤን ነካው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚሸማቀቅ። አጋም፣ ኮሽም፣ እንጆሪ፣ የታጠነ ጀበና፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ዝናብ የመታው አፈር፣ እነዚህ ሁሉ የወይን ቃላት ናቸው። አንዳንዱማ የቃል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሲራ ከሚባለው የወይን ዝርያ ቁንዶ በርበሬ የሚሸት ከሆነ፣ ልጣጩ ውስጥ ያለው ሮተንዶን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ያው ንጥረ ነገር ቁንዶ በርበሬው ውስጥም አለ። በርበሬ ስታስደልዝ ከእናቱ አጠገብ ቆሞ ያደገ አፍንጫ ይህን ለመለየት ከማንም አያንስም።

አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ከመቅመስዎ በፊት የጠርሙሱን ጽሑፍ አያንብቡ። መጀመሪያ ይቅመሱ፣ ይጻፉ፣ ከዚያ ጠርሙሱን ያዙሩት። ቃሉ ከቀደመ ምላስ የተነገረውን ይደግማል።

ስለ ጉዞው በአንድነት

ከቱሉ ዲምቱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል በኮንትራት ሚኒባስ እንነሳለን። መንገዱ በሞጆና በመቂ በኩል 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የራሱን መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው አልቀበልም፤ የሚቀምስ አይነዳም፣ ሾፌራችንም አይቀምስም። የምንሄደው የፈረንሳዩ ካስትል ኩባንያ ወዳለማው የወይን እርሻ ነው። ሪፍት ቫሊና አካሲያ የሚባሉት ወይኖቹ ለገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሳይቀጠሩ መሄድ ስለማይሆን ስማችሁን እስከ መስከረም 25 ላኩልኝ።

መትፋት ነውር አይደለም ወይ ላላችሁኝ፦ ቅምሻ ላይ አይደለም፣ ዕቃው ለዚያ ይቀመጣል። ከነጭ ወደ ቀይ፣ ከደረቅ ወደ ጣፋጭ እንሄዳለን። ቁርስ ሳትበሉ እንዳትመጡ።

አልኮል የማትጠጡ፣ በሃይማኖትም ይሁን በሐኪም ትእዛዝ፣ ኑ። የወይን ተክል ረድፍ ለሣይ ትልቅ ትምህርት ነው፤ መስመሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ሲሮጡ እዚያ በግልጽ ይታያል። የ14 ዓመት ልጇን ይዛ መምጣት ለጠየቀችኝ እናትም መልሴ ይኸው ነው፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ልጅሽ ደብተሯን ይዛ ትመጣለች። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ዓሣ እንበላለን፤ ጀልባዎቹን ትሥላለች።

«በቀይ ወይን መሣል ይቻላል?» — ከአያት

ይቻላል፣ እኔም ጠርሙሱ ሥር የቀረውን አልደፋም። ግን ቀይ ሆኖ እንዲቀር አትጠብቂ። የወይኑን ቀይነት የሚጠብቀው የራሱ አሲድ ነው። አብዛኛው ወረቀት ውስጥ ያለው ኖራ መሳይ ነገር አሲዱን ሲያበርደው ቀለሙ ሲደርቅ ወደ ግራጫማ ሰማያዊ ይዞራል፣ ከወራት በኋላ ደግሞ ቡናማ ይሆናል። በአንዱ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ቀቢ፤ በአንደኛው ላይ ሎሚ ጠብ አድርጊና ልዩነቱን እዪ። ወረቀቱን ለሁለት ቆርጠሽ ግማሹን መስኮት ላይ ለጥፊ፣ ግማሹን ደብተርሽ ውስጥ ክደኚው። ባየሽው ቁጥር ቀኑን ከጎኑ ጻፊበት፣ በጥር ወር ሁለቱንም ላኪልኝ።