ባትሪው ሙሉ ነው፣ ፓምፑ ሲነሳ ግን መብራቱ ይደክማል

ጥያቄ፦ የሞተርሆሜ (መኖሪያ ክፍል ያለው መኪናዬ) የቤት ክፍል ባትሪ ሲለካ 12.7 ቮልት ያሳያል። ከውጭ ኃይል ጋር ሳገናኘው ሁሉም ይሠራል። ስነቅለው ግን የውሃ ፓምፑ በተነሳ ቁጥር አምፖሎቹ ይደበዝዛሉ፣ ፍሪጁም ይጠፋል። ባትሪ ልቀይር?

መልስ፦ ገና አይግዙ። ምንም ነገር ሳይሠራ የተለካ 12.7 ቮልት ስለ ገመዱ የሚናገረው ነገር የለም። ከገመዱ ውስጥ አንዲት ክር ብቻ ብትቀር እንኳ ቴስተሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) ሙሉ ቮልት ያሳያል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ከባድ ከረንት ሲያልፍ ነው። በኦም (በኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) መለካትም በዚሁ ምክንያት ያሳስታል። የላላ መገናኛ 0.3 ኦም ብቻ ቢኖረው፣ 7 አምፔር ሲያልፍበት 2.1 ቮልት ይበላል። 12.5 የነበረው 10.4 ይሆናል፤ ብዙ ባለ ኮምፕረሰር ፍሪጆች ደግሞ እዚያ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ያጠፋሉ።

የውጭ ኃይል ሲሰካ ችግሩ መጥፋቱ ትልቅ ፍንጭ ነው። በብዙ ሞተርሆሞች ቻርጀሩ 13.6 ቮልት ገደማ በቀጥታ ወደ ፊውዝ ሳጥኑ ስለሚሰጥ፣ ከባትሪው የሚመጣው መንገድ ያን ጊዜ ብዙም አይፈለግም። ስለዚህ ጥፋቱ ወይ ባትሪው ውስጥ ነው፣ ወይ ከባትሪው እስከ ሳጥኑ ባለው መንገድ ላይ።

የውጭውን ገመድ ይንቀሉ። ሶላር ካለም ፓነሉን ከመቆጣጠሪያው ያላቁት፤ አለበለዚያ ንባቡን ከፍ ያደርግብዎታል። ቴስተሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ ያድርጉ፣ አምፖሎቹን ሁሉ ያብሩ፣ አንድ ሰው ቧንቧ ከፍቶ ፓምፑን እያስነሳ ይቆይልዎት።

መጀመሪያ ባትሪውን፦ የቴስተሩን ጫፎች ሞርሴቶው (ገመዱን ከባትሪው ጋር የሚያስረው ማሰሪያ) ላይ ሳይሆን በራሱ በእርሳሱ እንብርት (ከባትሪው በወጣው ጉጥ) ላይ ያሳርፉ። ወዲያው ወደ 11 ከወረደ ባትሪው ሞቷል፣ ጉዳዩም እዚሁ ያበቃል። 12.2 እና ከዚያ በላይ ከያዘ ደህና ነው። (ይህ ቁጥር ለሊድ አሲድ ነው፤ ሊቲየም ከዚህ ከፍ ይላል።)

ቀጥሎ መንገዱን፦ ቀዩን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ እንብርት ላይ፣ ጥቁሩን የፊውዝ ሳጥኑ ፖዘቲቭ መግቢያ ላይ ያድርጉ። አሁን የሚያነቡት በመንገድ ላይ የጠፋውን ቮልት ነው። ከ0.2 ካልበለጠ ይለፉት። ከበለጠ ጥቁሩን ጫፍ ወደ ባትሪው እየመለሱ ይለኩ፦ ማቋረጫ ማብሪያው፣ ዋናው ፊውዝ፣ ሞርሴቶው። ቁጥሩ ድንገት የወደቀው በየትኞቹ ሁለት ነጥቦች መካከል ነው? ጥፋቱ እዚያ ነው። የፊውዙ መያዣ ቡናማ ሆኖ ወይም ቀልጦ ካገኙት ሙሉውን ይቀይሩ። ፊውዙን በትልቅ አምፔር መተካት ግን ገመዱን ያለ ጠባቂ መተው ነው፤ የጠፋውንም ቮልት አይመልስም።

ኔጌቲቩን ብዙዎች ይረሱታል፤ እኔ ብጠየቅ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ከባትሪው ኔጌቲቭ እንብርት እስከ ሳጥኑ ኔጌቲቭ በዚያው መንገድ ይለኩ። ብዙ ጊዜ ማሳው (የኔጌቲቩ ገመድ) ከሻሲው ጋር በቡሎን ስለሚታሰር ውሃና ጭቃ ያገኘዋል፣ ከገመዱ ጫፍ ቀለበት ስር ዝገት ይገባል። ከላይ ሲያዩት ጥብቅ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ከመፍታትዎ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ያላቁ፣ የጣት ቀለበትም ያውልቁ። ቀለሙንና ዝገቱን እስከ ንጹህ ብረት በሸካራ ወረቀት ይፋቁ፣ ቀለበቱንም እንዲሁ። በጥርሳም ሮንዴላ አጥብቀው ካሰሩ በኋላ ከላይ ግሪስ ይቀቡት። ከገመዱ ልባስ ስር መዳቡ አረንጓዴ ከሆነ፣ የሚያበራ መዳብ እስኪያገኙ ቆርጠው በመጭመቂያ መሣሪያ አዲስ ቀለበት ያስሩበት። በፒንሳ የተጨመቀ ቆይቶ ይላላል። ኔጌቲቩን መጨረሻ ላይ ይመልሱ፤ ሶላሩን ከዚያ በኋላ ያገናኙት። የ230 ቮልቱን ክፍል ግን አይክፈቱ፤ እዚህ ጉዳይ ውስጥ የለበትም።

ልኬቱን ይድገሙ። በሁለቱም በኩል የጠፋው 0.1 አካባቢ ሆኖ ፓምፑ ብቻ አሁንም ከደከመ፣ ያንኑ ፍተሻ ከሳጥኑ እስከ ፓምፑ ባለው ቀጭን ሽቦ ላይ ያድርጉት።