ቁጥሩ ሲመጣ ማን ይነሳል? ስለ ሴንሰር የላካችኋቸው ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ስለ ሴንሰርና ዳታ ጥያቄ ያላችሁ ላኩ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ሥራዬ የፋብሪካና የግሪንሃውስ መለኪያዎችን መግጠም፣ ማስተካከል፣ ሲበላሹም ችግሩን መፈለግ ነው። አፕ አልሠራም፤ የአፕ ጥያቄዎችን ስለዚህ ትቻለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ የዱቄት ፋብሪካ አለን። ሻጮች እየመጡ «ሁሉም ማሽን ላይ ሴንሰር ግጠሙ፣ በስልካችሁ ታዩታላችሁ» ይሉናል። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከደብተር ጀምሩ። ፋብሪካው በቆመ ቁጥር የጥገና ክፍሉ ምክንያቱን ይጻፍ፦ መብራት ጠፍቶ፣ ኩሽኔታ ተበልቶ፣ ችንጊያ ተበጥሶ፣ ስንዴ አልቆ። ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ አናት ላይ የሚቀመጠው ሻጩ ጭራሽ ያላነሳው ነገር ነው። ስንዴ አልቆበት ለሚቆም ፋብሪካ የንዝረት ሴንሰር ምን ይፈይድለታል?

ከዚያ ሲቆም ሁሉንም ይዞ የሚቆመውን አንድ ማሽን ምረጡ። በእናንተ ቤት የወፍጮው ዋና ሞተር ወይም ዱቄቱን በቧንቧ የሚስበው ፋን ይመስለኛል። እዚያ ላይ አምፔርና ንዝረት መለካት ለመጀመሪያ ይበቃል። ኩሽኔታ ሊሄድ ሲል ቀድሞ የሚታወቀው በንዝረቱ ነው፤ ሙቀቱ ዘግይቶ ይመጣል፣ ጆሮ የሚሰማው ጩኸት ሲመጣማ መለዋወጫ ፍለጋ መሮጥ ብቻ ነው የቀረው። በ50 ኸርዝ የሚሠራ ባለ አራት ፖል ሞተር በደቂቃ 1,450 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ኩሽኔታው ውስጥ ትንሽ ጭረት ካለች ኳሶቹ ባለፉባት ቁጥር ትመታለች። ሴንሰሩ የሚይዘው ያንን ምት ነው። ግን ማሽኑ ጤነኛ ሳለ የተወሰደ መነሻ ልኬት ከሌላችሁ፣ የዛሬው ቁጥር ይብዛ ይነስ በምን ታውቃላችሁ?

ከመግጠማችሁ በፊት ይህንን ተነጋገሩ፦ ቁጥሩ ከተወሰነው መጠን ሲያልፍ መልእክቱ የሚደርሰው ለማን ነው? ሌሊት ቢሆንስ? ሰውየው ማሽኑን የማስቆም ሥልጣን አለው? ይህ ያልተወሰነባቸው ፋብሪካዎች ውስጥ የማየው አንድ ዓይነት ነው፦ ማንቂያው ይጮሃል፣ ፈረቃው «ነገ ይታያል» ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ አንዱ ድምፁን ይዘጋዋል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሞተር እየተቃጠለብን ነው። በኢንተርኔት የሚሠራ መቆጣጠሪያ ያድነናል?

መልስ፦ አያድናችሁም። ለሞተሩ ኃይል ከሚያመጡት ሦስቱ መስመሮች (ፌዞች) አንዱ ሲጠፋ እየዞረ ያለ ሞተር ወዲያው አይቆምም፤ በቀሩት ሁለቱ እየጎተተ ከወትሮው 1.7 እጥፍ አካባቢ አምፔር ይስባል፣ ጥቅሉም ይነዳል። መልእክት ወደ ሰርቨር ሄዶ፣ ወደ ስልክህ መጥቶ፣ አንተ ከመኝታህ ተነስተህ እስክትደውል ሞተሩ አለቀለት። እዚያው ፓነሉ ውስጥ የሚገጠም፣ ፌዝ ሲጠፋ ሞተሩን የሚያቆም የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌይ ግዙ፣ አምፔር ሲበዛ የሚቆርጠውን ኦቨርሎድም በሞተሩ ታርጋ ላይ በተጻፈው አምፔር ልክ አስተካክሉት። የሚያድን ነገር ከማሽኑ አጠገብ መሆን አለበት። ኢንተርኔቱ የሚጠቅማችሁ በኋላ ነው፤ መቼ መቼ፣ በየትኛው መስመር እንደተቋረጠ ተመዝግቦ ሲቀመጥ ከመብራት ኃይል ጋር ለመነጋገርም ፈረቃ ለማቀድም መረጃ ይሆናችኋል።

ጥያቄ (ከመራዊ)፦ አባቴ በቆጋ መስኖ ሽንኩርት ያለማል። ውሃ የሚደርሰን በተራ ነው፤ ሲደርሰን እስኪጠግብ እናጠጣለን። በስልክ የሚታይ የእርጥበት ሴንሰር ልግዛለት ስል «አፈሬን በእጄ አውቀዋለሁ» አለኝ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ አባትህ የላይኛውን አፈር ያውቁታል፣ በዚያ አልከራከራቸውም። መለኪያ የሚያስፈልገው እጅ ለማይደርስበት ነው። የሽንኩርት ሥር አጭር ነው፤ ውሃውን በአብዛኛው የሚስበው ከላይኛው 30 ሴንቲሜትር ነው። ከዚያ አልፎ የወረደው ለሽንኩርቱ ጠፋ፤ ሲወርድም ብቻውን አይደለም፣ የበተናችሁትን ዩሪያ እያጠበ ነው። ከዚያ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን «ውሃ አንሶት ነው» ተብሎ ይጨመርለታል።

በስልክ የሚታየውን ተወው። ለዚህ ሥራ ባትሪም ኔትወርክም የማይፈልግ መሣሪያ አለ፤ አፉ ሰፊ፣ ጭራው ጠባብ የሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፣ ሥሩ በሚደርስበት ጥልቀት ይቀበራል። ውሃው ወርዶ እዚያ ሲደርስ ከላይ ያለችው ምልክት ብድግ ትላለች። ስትነሳ ውሃውን ወደ ቀጣዩ ትልም ታዞራለህ፣ አለቀ። ዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ከገበሬዎች ጋር ሆኖ እዚያው ቆጋ ላይ ሞክሮታል። ሌላው ከአውስትራሊያ የመጣው «ካሜሊዮን» ነው፤ ሴንሰሮቹ በተለያየ ጥልቀት ይቀበራሉ፣ የሚነበበው ግን ቁጥር ሳይሆን መብራት ነው፦ ሰማያዊ እርጥብ፣ አረንጓዴ መካከለኛ፣ ቀይ ደረቅ። ፊደል ያልቆጠረም ያነበዋል። ከብዙ የተሽሞነሞነ ስክሪን ይህ ይሻለኛል።

የእናንተ ዋና ችግር ግን ራስህ የጻፍከው ነው፦ ተራ። አባትህ «ዛሬ አፈሬ ገና እርጥብ ነው፣ ይለፈኝ» ቢሉ ቀጣዩ ተራ መቼ እንደሚመጣ ካላወቁ አይተዉትም፤ እኔም ብሆን አልተወውም። ስለዚህ መሣሪያውን ለአባትህ ማሳ ብቻ ሳይሆን ከአንድ ቦይ ለሚጠጡት ሁሉ አስቡት። የውሃ ተጠቃሚዎች ማህበሩ ምልክቱን አይቶ ተራ የሚያሸጋሽግ ከሆነ ግዛ። ካልተስማሙ ገንዘብህን ያዝ።

ጥያቄ (ከቱሉ ቦሎ)፦ አፈራችን መረሬ ነው። የገዛሁት ባለ ሁለት ጥርስ ሴንሰር ዝናብ በዘነበ ማግስት እንኳ «ደረቅ» ይላል።

መልስ፦ ሁለት ነገር ተደራርቦብሃል። አንደኛ፣ ባለ ሁለት ጥርሱ ርካሽ ሴንሰር ኤሌክትሪክ በአፈሩ ውስጥ እያሳለፈ ነው የሚለካው፤ በዚሁ ምክንያት ጥርሱ ይበላል። አውጥተህ እየው፣ የብረት ቅቡ ረግፎ ይሆናል። ብረቱ ተሸፍኖ በካፓሲታንስ የሚለካውን ዓይነት ፈልግ። ሁለተኛ፣ መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ሴንሰሩ ጎን ላይ ሲከፈት የምትለካው አየር ነው። ዝናብ ሲመጣም ውሃው በስንጥቁ ሽው ብሎ ይወርዳል። መቅበር ያለብህ አፈሩ እርጥብ ሳለ ነው፤ ከዚያው ከጉድጓዱ አፈር ጭቃ አቡክተህ ዙሪያውን አጥብቀህ ሙላው። ሲደርቅ አጠገቡ ከተሰነጠቀ ቦታ ቀይር።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን በመቶኛም አትመን፣ በመረሬ አልተሞከረም። አፈር ወስደህ መዝን፣ በ105 ዲግሪ ለ24 ሰዓት አድርቀህ እንደገና መዝን፤ የጎደለው ውሃው ነው። እርጥብ፣ መካከለኛና ደረቅ ሲሆን እንዲህ ብታደርግ የራስህን መለኪያ አገኘህ።

ጥያቄ (ከባቱ)፦ ጽጌረዳ እርሻ ውስጥ ነው የምሠራው። የግሪንሃውሱ እርጥበት መለኪያ ሁሌ 99 ላይ ቆሟል። አለቃዬ «ሻጋታው በዚህ ምክንያት ነው፣ መድኃኒት ጨምሩ» ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ መድኃኒቱ ይቆይና መጀመሪያ መለኪያው ይታይ። ቀኑን ሙሉ 99 የሚል መለኪያ፣ ፀሐይ ወጥቶ መስኮቱ ሲከፈት እንኳ ካልወረደ፣ ሞቷል። ጽጌረዳ ቤት ውስጥ ድኝ ይጨሳል፣ መድኃኒት ይረጫል፤ እነዚህ የመለኪያውን ስስ ገጽ ይበሉታል። ፈጣኑ ማረጋገጫ ድሮ የሚሠራበት ነው፦ ሁለት ቴርሞሜትር፣ የአንዱ ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ነፋስ እየነካው። የሁለቱን ልዩነት በሰንጠረዡ ስታይው እውነተኛውን እርጥበት ታገኚዋለሽ።

ቦታውንም እዩት። ብዙ ጊዜ ከጣሪያ ሥር ተሰቅሎ አገኘዋለሁ፤ በሽታው ያለው ግን ቅጠሉ መካከል ነው። በአበባው ቁመት፣ ፀሐይ በማይመታው፣ ትንሽ ፋን ባለው ሳጥን ውስጥ አድርጉት። የሌሊቱ መዝገብ ከቀኑ ይበልጥ ይጠቅማችኋል፤ እርጥበቱ ከ85 በመቶ በላይ የቆየባቸው ሰዓታት ታውቀው ማለዳ መስኮት የሚከፍት ሰው ከተመደበ፣ የርጭቱ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይታያል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ የስፌት መስመር ላይ የማሽን መቆሚያ ሰዓት እንመዘግባለን። ኔትወርክ ሲቋረጥ ዳታው ይጠፋል፤ የደረሰውም ከፈረቃው ሪፖርት ጋር አይገጥምም።

መልስ፦ የመጀመሪያው ቀላል ነው። መሣሪያው ራሱ ውስጥ እያስቀመጠ መስመር ሲመለስ የሚልክ መሆን አለበት። ዛሬ በየቦታው የምንጠቀምበት ኤምኪውቲቲ የሚባለው የመልእክት አሠራር እ.ኤ.አ. በ1999 የተወጠነው በሳተላይት ለሚገናኙ የነዳጅ ቧንቧ መስመሮች ነው፤ ደካማና ውድ መስመር ታስቦበት የተሠራ ነው ማለት ነው። ሻጫችሁን «ሲቋረጥ ስንት ቀን ይይዛል?» በሉት።

ሁለተኛው የኛ አገር ጣጣ ነው። የፈረቃ ኃላፊዋ «3 ሰዓት ላይ ቆመ» ብላ ትጽፋለች፤ መሣሪያው 09:00 ይላል። ከቻይና እንደመጣ ሰዓቱ ያልተስተካከለ ደግሞ ከኛ 5 ሰዓት ቀድሞ ይሄዳል። በዚያ ላይ አንዱ በመስከረም ሲቆጥር ሌላው በሴፕቴምበር። መፍትሔው፦ መሣሪያው ውስጥ ያለው መዝገብ ሁሉ በአንድ ዓለም አቀፍ ሰዓት ይሁን፣ ስክሪኑ ላይ ግን ሠራተኛው በሚያውቀው በአገራችን ሰዓት ይውጣ። ሠራተኛውን በመሣሪያው ሰዓት እንዲጽፍ ማስገደድ ሲሞከር አይቻለሁ፤ ሁለት ዓይነት ሰዓት የተቀላቀለበት ደብተር ነው ያተረፈው።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ የትራክ ሹፌር ነኝ። ለገበሬ የሚሆን ሴንሰር ከዚህ ገዝቼ አገር ቤት ልሸጥ አስቤያለሁ። ያዋጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተ ዕቃውን ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ ከሞተሩ ጋር ተገናኝቶ የመንጃ ሰዓትህን የሚመዘግበው መሣሪያ ሴንሰርና ዳታ ነው። እሱ የሚሠራው ሕግ ስላስገደደ፣ የሚያየው ሰው ስላለ፣ ሲበላሽም የሚቀይርልህ ስላለ ነው። አገር ቤት እነዚህን ሦስቱን ማን ይሞላልሃል?

በቴክኒክ በኩል አሜሪካ የሚሸጠው ሎራ (የሴንሰር መረጃ በትንሽ ኃይል ሩቅ የሚልክ) ሬዲዮ በአብዛኛው 915 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የሞገድ ክፍፍል ከአውሮፓ ጋር በአንድ ክልል ናት፤ አውሮፓ የሚጠቀመው 868 ነው። ያንተ ዕቃ እዚህ የሞባይል ሞገድ ላይ ሊደርብ ይችላል። ከመግዛትህ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቅ። በተጨማሪ በአምራቹ ሰርቨር ብቻ የሚሠራ፣ በየወሩ በዶላር የሚከፈልበት ዕቃ አታምጣ፤ ኩባንያው ሰርቨሩን የዘጋ ቀን ገበሬው እጅ ላይ የሚቀረው ፕላስቲክ ነው። ደንበኛህም ነጠላ ገበሬ ባይሆን ይመረጣል፤ ዩኒየን፣ የወተት ማሰባሰቢያ ወይም የእህል መጋዘን ፈልግ።

ጥያቄ (ከአርሲ)፦ የስንዴ ዋግን ቀድሞ የሚያይ ሴንሰር አለ?

መልስ፦ ማሳ ላይ የሚተከል አልመክርህም። ዋግ በነፋስ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ የሚረዳው ትንበያ ነው። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ሲሚት (ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል)፣ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ ሜትሮሎጂ የሠሩት ሥርዓት ከማሳ የተሰበሰበ ቅኝትን ከነፋስ ስሌት ጋር አጣምሮ ነው የሚያስጠነቅቀው። የገበሬዎች የመረጃ መስመር በሆነው 8028 ላይ ደውል፣ የልማት ሠራተኛውንም ጠይቅ።

ጥያቄ (ከቂርያት ጋት፣ እስራኤል)፦ እዚህ ላሞቹ ሁሉ አንገታቸው ላይ ሴንሰር አላቸው። ቢሾፍቱ ያለው ወንድሜ ስምንት ላም አለው፣ ልላክለት?

መልስ፦ ለስምንት ላም አትላክ። አንገት ላይ ያለው ማመንዠጉንና እንቅስቃሴውን ነው የሚቆጥረው፤ ማመንዠግ ሲቀንስ ሕመም፣ እንቅስቃሴ ሲበዛ ኮርማ ፍለጋ። እናንተ ዘንድ መንጋው ትልቅ ነው፣ ሌሊት የሚያይ የለም። ወንድምህ ስምንቱንም በስም ያውቃቸዋል። እሱን የሚጎዳው ላሟ ፈልጋ ሳለች አዳቃዩ በሰዓቱ አለመድረሱ ነው፤ የፍላጎቱ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። ለአዳቃዩ የሞተር ቤንዚን ብትችለው ከአንገት ማሰሪያው ይበልጣል።

ጥያቄ (ስሜ ይቅር ያለ)፦ ፋብሪካው ማሽናችን ላይ ቆጣሪ ሊገጥም ነው። እኛን ሊሰልሉ ነው?

መልስ፦ እንደ አጠቃቀማቸው ነው። የማሽን ሙቀት የማንም የግል መረጃ አይደለም፤ በስምህ የተመዘገበ የሥራ ፍጥነት ግን ነው፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ስለዚህ ዓይነቱ ይናገራል። «ምን ይለካል? ማን ያያል? ደመወዝ ይቆረጥበታል ወይ?» ብላችሁ ከመገጠሙ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ለአሠሪዎችም፦ ሠራተኛው የፈራው ሴንሰር ላይ ካርቶን ተደግፎበት ወይም ገመዱ «በአጋጣሚ» ተነቅሎ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ (ተማሪ፣ አዲስ አበባ)፦ ምን ልማር? ሁሉም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይለኛል።

መልስ፦ እሱ ይደርሳል። በመጀመሪያ የፋብሪካ መለኪያ ምልክቱን ለምን ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር እንደሚልክ፣ ለምን ከ0 እንደማይጀምር ተረዳ፦ ባዶ ታንከር 4 ይልካል፣ ገመዱ ከተቆረጠ 0 ይሆናል፤ ከ0 ቢጀምር ኖሮ ባዶውን ከተቆረጠው መለየት አትችልም። ከዚያ የፋብሪካ መሣሪያዎች እርስ በርስ መረጃ የሚለዋወጡበትን ሞድበስን ተማር፤ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ አለ፣ ዛሬም በብዙ ፋብሪካ ውስጥ ታገኘዋለህ።

ቤትህ ደግሞ የሙቀት ሴንሰር ይዘህ ሁለት ቦታ ፈትነው፤ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ 0 ሊል ይገባል። በሚፈላ ውሃ ውስጥ ግን 100 እንዳትጠብቅ፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 100 አላለም ተብሎ ለሻጩ የተመለሰ ደህና ሴንሰር ብዙ ነው።