ውሃው የት ገባ? የቴስታታ ጓርኒሲዮን ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን። በብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ባሉበት የሞተር አካል) እና በቴስታታው (ከላይ በሚገጠመው የሞተር ራስ) መካከል ተጨፍልቃ የምትቀመጥ ስስ ነገር ናት። የሚቃጠለውን ጋዝ፣ ዘይቱንና ውሃውን ሳይገናኙ የምትይዘው እሷ ናት።

ጋሼ፣ ከባሕር ዳር ስመለስ አባይ በረሃን ወደ ጎሐ ጽዮን ስወጣ ኮሮላዬ በጣም ሞቀች። ቆሜ አቀዝቅዤ፣ ውሃ ሞልቼ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ቀኑ አንድ ሊትር ውሃ ትጠጣለች። ከሥር ጠብታ የለም። መካኒኩ “ቴስታታው ይውረድ” ይላል። (ከኮተቤ)

ይቆዩ፣ አይውረድ። መጀመሪያ ይፈተን።

መካኒኩ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። አቀበት ላይ የሞቀ ሞተር ጓርኒሲዮን ቢያቃጥል አይገርምም። ግን ውሃ በሌላም መንገድ ይጠፋል። ከውሃ ፓምፑ እየወጣ ትኩስ ሞተር ላይ ከደረቀ መሬት ላይ ጠብታ አያዩም። የራዲያተሩ ክዳንም አለ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ራዲያተሩ ከዚያ በላይ ሞቆ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ደህናው ሞተር ይፈላል። በአንድ ያረጀ ክዳን ሰበብ ቴስታታ ሲወርድ አይቻለሁ፤ ያናድዳል።

ቤትዎ እንዲህ ይሞክሩ። ጠዋት፣ ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ ሳለ፣ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱና ሞተሩን ያስነሱ። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ቢወጣ አይደንግጡ፤ የታመቀ አየር ሊሆን ይችላል። አረፋው ሳያቋርጥ ከተንተከተከ፣ ነዳጅ ሲሰጡትም ከባሰ ግን የሚገባው የሲሊንደር ጋዝ ነው። ሌላ ቀን ደግሞ ክዳኑን ሳይከፍቱ ቀዝቃዛውን ሞተር ያስነሱና የላይኛውን የራዲያተር ጎማ ጨበጥ ያድርጉት። ገና ሳይሞቅ በደቂቃ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ያው የሲሊንደር ጋዝ ነው።

ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ሰማያዊ ፈሳሽ የያዘ መሞከሪያ ራዲያተሩ አፍ ላይ ይደረጋል። የቤንዚን ሞተር ጋዝ ካገኘው ወደ ቢጫ ይቀየራል። ያኔ ቴስታታው ይውረድ፤ እኔም አልከራከርም።

ጠዋት ሳስነሳ ነጭ ጭስ ያወጣል። ጎረቤቴ “አለቀልህ” አለኝ።

ጎረቤትዎ ቸኩሏል። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ መቀነሻ) ውስጥ ያደረ እርጥበት በብርድ ጠዋት እንደዚያ ይተናል። በጥቂት ደቂቃ ከጠፋ ይርሱት። ሞተሩ ሞቆም ወፍራም ነጭ ጭስ ካልቆመ ግን ሲሊንደር ውስጥ ውሃ እየገባ ነው። ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከሆነ ጣፋጭ ሽታ አለው። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የቧንቧ ውሃ ብቻ ከሆነ ግን ሽታ አይጠብቁ። ሰማያዊ ጭስ የዘይት ነው፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ማኪያቶ የመሰለ ነገር አየሁ። (ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ብቻ የምትነዳ)

መልሱ ቅንፉ ውስጥ አለ። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ እርጥበቱ ክዳኑ ላይ ይቀራል። የዘይት መለኪያውን ይምዘዙ። እዚያ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነ እሑድን ረዘም ያለ መንገድ ይንዱ። እሱም ማኪያቶ ከሆነ ሞተሩን አያስነሱ።

ጓርኒሲዮኑ ተቀይሮ በአራት ወሩ ደገመኝ። ዕቃው ፎርጅድ ነው?

ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ቴስታታው ተለክቶ ነበር ወይ የሚለውን ነው። አሉሚኒየም ቴስታታ ሲሞቅ ይጣመማል። በብዙ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች የሚፈቀደው 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በዓይን አይታይም። ከዚያ ካለፈ ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ መስተካከል አለበት። ቡሎኖቹም ከመሐል ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ ነው የሚጠብቁት። “በእጄ አውቀዋለሁ” የሚል መካኒክ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ የእኔን ሞተር ግን አይነካም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሞተሩን መጀመሪያ ያሞቀው ነገር ካልተገኘ ይደገማል። የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይከፈት ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር)፣ የማይነሳ ቬንትሌተር (የራዲያተሩ ማራገቢያ)። ጓርኒሲዮን በራሷ ጊዜ እምብዛም አትሞትም። ሙቀት ነው የሚገድላት።

ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው መድፈኛስ?

ቀዳዳውን ሳይሆን ራዲያተሩን ይደፍንብዎታል። ይተዉት።

ደሞዝ እስኪወጣ ሁለት ሳምንት ብነዳትስ?

ውሃው ዘይት ውስጥ ካልገባ፣ ሙቀቱም ከፍ ካላለ፣ ሰፈር ውስጥ ለአጭር መንገድ ይሞክሩ ብል ዋሽቼ አይደለም። ግን ዓይንዎ ከሙቀት መለኪያው አይነሳ። ከፍ ማለት ከጀመረ ወዲያው ዳር ይዘው ያጥፉ፤ “ቤት ልድረስ” አይበሉ። ትኩስ ክዳንም በጨርቅ ይዘው አይክፈቱ፤ የታፈነው ውሃ ፊት ላይ ነው የሚወጣው። ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለው ይጠብቁ፤ የላይኛው የራዲያተር ጎማ በእጅ ሲጨበጥ ለስላሳ ሲሆን ያኔ ቀስ ብለው ይክፈቱ። ውሃውንም ሞተሩን አስነስተው በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ።