ማሲንቆው ከዘራ እንዳይመስል፦ ስለ ሙዚቃ መጽሔት ሽፋን ጥያቄና መልስ

«የመጽሔት ሽፋን ማለት ፎቶ ለጥፎ ስም መጻፍ ብቻ አይደለም» ብዬ አንዲት መስመር ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ። አብዛኛው ከደሴና ከኮምቦልቻ ልጆች ነው። ጥቂቶቹን መርጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ኮምቦልቻ ካምፓስ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር የሙዚቃ መጽሔት ልንጀምር ነው። የውጭዎቹን ሳይ የዘፋኙ ጭንቅላት የመጽሔቱን ስም ይሸፍነዋል። እኛም እናድርገው?»

ለጊዜው ይቅርባችሁ። የአሜሪካው የሙዚቃ መጽሔት ሮሊንግ ስቶን በ1967 የመጀመሪያ እትሙን የቢትልሱን ዘፋኝ ጆን ሌኖንን ሽፋኑ ላይ አድርጎ ከወጣ ወዲህ ስሙን ያላየ አንባቢ የለም። ግማሹ ቢሸፈን እንኳ ከፊደሎቹ ቅርጽ ብቻ ይታወቃል። እናንተን ግን ገና ማን ያውቃችኋል? አትቀየሙኝ።

ሌላም ችግር አለ፤ ይሄኛው የእኛ ብቻ ነው። ጭንቅላት ከታች ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ የሚሸፍነው የፊደሉን እግር ነው። የላቲን ፊደል እግሩ ቢሸፈን በግምት ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን ብዙ ጊዜ ድምፁ ያለው እግሩ ላይ ነው። «ቢ» እና «ቤ» የሚለያዩት እዚያች ታች ባለች ምልክት ነው። «ባ» እና «ቦ»ም የሚለያዩት በየትኛው እግር እንደረዘመ ነው። ስማችሁ «ባቲ» ቢሆንና የዘፋኙ አፍሮ ታችኛውን ክፍል ቢውጠው፣ አንባቢው ምን ብሎ ያንብበው?

የግድ ካላችሁ ፊደሉ መሃል ባለው ክፍተት ጭንቅላቱን አሾልኩት። ስምን ከላይ ማድረጉ ግን ጥሩ ልማድ ነው። መደርደሪያ ላይ የፊተኛው መጽሔት የኋለኛውን ታች ስለሚጋርድ፣ የሚታየው ላይኛው ክፍል ነው።

«አስተማሪያችን ዋና ዋናው ርዕስ በግራ በኩል ይውጣ ይላል። ለምን ግራ?»

ይሄም ከመደርደሪያ የመጣ ነው። ውጭ አገር መጽሔቶች ጎን ለጎን ተነባብረው ሲደረደሩ ከእያንዳንዱ የሚታየው የግራው ሲሶ ነው። ስለዚህ ገዢ የሚስበው ነገር እዚያ ይታጨቃል።

አሁን ደሴ ፒያሳ ውረድና እይ። መጽሔት መሬት ላይ ላስቲክ ተነጥፎለት ነው የሚዘረጋው። የምታየው ቆመህ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሙሉውን ነው። የጦሳ ተራራ ንፋስ እንዳይወስደው ደግሞ ድንጋይ ይጫንበታል። ድንጋዩ ሁልጊዜ የሚያርፈው የዘፋኟ አፍንጫ ላይ ነው፤ እንዴት እንደሆነ እንጃ። ለፈተናው አስተማሪህ ያለህን ሥራ፤ ሕጉ ከየት እንደመጣም አብረህ ጻፍለት፣ ደስ ይለዋል። ለገበያ ስትሠራ ግን ሽፋኑን ስልክህ ላይ አውራ ጣትህን እስኪያክል አሳንሰው። ዛሬ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቴሌግራም ላይ ነው። በዚያ መጠን ስሙና ፊቱ ከተለዩ ጨርሰሃል።

«ባርኮዱን በቀይ ብሠራው ይምራል። ይቻላል?»

አይቻልም። ብዙዎቹ የማንበቢያ መሣሪያዎች ብርሃናቸው ቀይ ስለሆነ ቀዩ መስመር ከነጩ ወረቀት አይለይላቸውም። ጥቁር በነጭ አድርገው። ለነገሩ በነፃ ለምታድሉት የካምፓስ መጽሔት ባርኮድ ምን ያደርግላችኋል? ቦታውን ለፎቶው ስጡት።

«የአምባሰልና የባቲ ዘፈን ላይ ያተኮረ እትም እያዘጋጀን ነው። ሽፋኑ ላይ ማሲንቆ የሚመታ ሰው አለ። ከኋላው ጀበና፣ ሞሰብና ላሊበላን ልንጨምር አስበናል። ምን ትላለህ?»

እባካችሁ! ጀበናውን ለቡና ቤቱ፣ ሞሰቡን ለምግብ ቤቱ ማስታወቂያ ተዉት። የሙዚቃ መጽሔት ሽፋን በአንድ ሰው ይቆማል። ሰውየው ዓይን ዓይናችሁን ይያችሁ፤ መንገድ ላይ የሚያያችሁን ሰው መልሳችሁ ሳታዩ እንደማታልፉት ሁሉ፣ ሽፋን ላይ የሚያያችሁም ያስቆማችኋል።

ቸገር የሚለው ማሲንቆው ነው። የተለመደው የሽፋን ፎቶ ከወገብ በላይ ይቆረጣል። ጊታር ደረት ላይ ስለሚያዝ ለዚህ ይመቸዋል። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ግን ሲቀመጥ በቆዳ የተለበጠውን ሳጥን ጉልበቱ መሃል ነው የሚያሳርፈው። ከወገብ ላይ ስትቆርጡት ሳጥኑ ይቀርና አንገቱ ብቻ ይታያል። ያኔ ሰውየው ከዘራ ይዞ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሽማግሌ ይመስላል። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ሽፋን ሠርቼ አውቃለሁ፤ ጓደኞቼ እስከዛሬ «ያ ከዘራህ» እያሉ ይስቁብኛል።

ወይ እስከ ጉልበቱ አንሱት፣ ወይ ቆሞ ሳጥኑን ወደ ሆዱ ከፍ አድርጎ ይያዝ። ደጋኑ ክሩ ላይ ያረፈበት ቅጽበት ከተገኘ ደግሞ ሌላ ጌጥ አያስፈልግም። ከኋላ አንድ ቀለም፣ ወይም የደሴ ጉም። ጠዋት ገና ጉሙ ሳይገፈፍ ውጡ፤ ስቱዲዮ በገንዘብ የሚገዛውን ለስላሳ ብርሃን በነፃ ታገኛላችሁ።

ቀለምን በተመለከተ ከውጭዎቹ የሚወሰድ ነገር አለ። በ1981 የተጀመረው ኬራንግ የሮክ መጽሔት ስለሆነ ስሙ እንደተሰነጠቀ መስታወት ነው የሚጻፈው። ስማሽ ሂትስ ደግሞ ለጎረምሶችና ለኮረዶች የፖፕ መጽሔት ስለነበር ከረሜላ የመሰለ ቀለም ይረጭ ነበር። አንባቢው ገና ከሩቅ «ይሄ የኔ ነው» ይላል። የአምባሰል ቀለም የቱ እንደሆነ እናንተ ወስኑ። ከሦስት ቀለም ግን አትለፉ።

«ርዕሱ እንዲጎላ ፊደሉን በወፍራም ነጭ መስመር ከብቤ ጥላም አደረግኩለት። ጓደኛዬ አይነበብም አለኝ።»

ጓደኛህ ልክ ነው። ወፍራም መስመር የ«ቤ»ን ቀለበት ይደፍነዋል። የ«ሱ»ን ቅጥያም ይውጣታል። ፊደሉን ማጉላት ከፈለግክ አተልቀው ወይም ከኋላው ያለውን አጽዳው። እንግሊዝኛው ላይ ርዕስ በትልልቅ ፊደል ይጻፋል፤ እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። ስለዚህ ልዩነቱ በመጠንና በውፍረት ነው የሚመጣው።

አንድ ምክር ልጨምር። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ ጽፈህ ፋይሉን እንዳለ ማተሚያ ቤት አትውሰድ። ፎንቱ እዚያ ከሌለ ርዕስህ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይጠብቅሃል። ፊደሉን ወደ ቅርጽ ቀይረህ (ፎንት የማይፈልግ ሥዕል አድርገህ ማለት ነው) በፒዲኤፍ ስጣቸው።

«ኮምፒውተር ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ሲታተም ለምን ይሞታል?»

ስክሪን ብርሃን ነው፣ ወረቀት ደግሞ ቀለም። ማተሚያው በአራት ቀለም ነው የሚሠራው፦ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር። የሚያበራው አረንጓዴ በእነዚህ አይገኝም። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሽፋን አሳትሜ ሲመጣ የተቀቀለ ጎመን ሆነ፤ ጥፋቱም የራሴ ነበር። ገና ስትጀምር ፋይሉን ሲኤምዋይኬ ላይ፣ ማለትም በእነዚሁ አራት የማተሚያ ቀለሞች ላይ አድርገው። ፎቶው ለኤ4 ቢያንስ 2480 በ3508 ፒክስል ይሁን። ፎቶግራፍ አንሺው በቴሌግራም ሲልክልህ «እንደ ፋይል ላከው» በለው፤ አለዚያ ተጨምቆ ነው የሚደርስህ። ፎቶውንም በየጎኑ ከሚቆረጠው ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር አሳልፈው፤ መቁረጫው ሁሌም ትንሽ ይስታል።

«ምንም ርዕስ የሌለው ሽፋን ይቻላል?»

ይቻላል፤ ግን ምክንያት ይፈልጋል። ሮሊንግ ስቶን በጥር 1981 ከስሙ በስተቀር ምንም ርዕስ ሳይጽፍ ወጥቷል። ፎቶው ፎቶግራፍ አንሺዋ አኒ ሊቦቪትዝ ጆን ሌኖንንና ባለቤቱን ዮኮ ኦኖን ያነሳችው ነው። ሌኖን የተገደለው ፎቶውን በተነሳበት ዕለት ነበር። ምን ይጻፍበታል?

«ልጄ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የዘፋኝ ፎቶ ሲቆራርጥ ይውላል። ሥራ ነው ወይ ይሄ?» (አንዲት እናት፣ ከደሴ ሆጤ ሰፈር)

ሥራ ነው እናቴ። የሠርግ ካርዱን፣ የሱቁን ባነር፣ የመድኃኒት ቤቱን ታፔላ የሚሠራው እንዲህ እየቆራረጠ የለመደ ልጅ ነው። ግን ይብላ፣ ይተኛ። አንድ ቀን ከሰዓት ብቅ ይበል። በካርቶን ያስቀመጥኳቸው የድሮ የካሴት ሽፋኖች አሉኝ፤ እሱንም የሚያስቁት ይመስለኛል።