ቤዚስቱ ይጠየቅ፦ የሚጮኽ ጆሮ፣ የተቀቀለ ክር፣ ከአሜሪካ የመጣ አምፕ

ሁዳዴ ገብቷል። እኔም እንደ አብዛኛው የአዲስ አበባ የሌሊት ሙዚቀኛ ቤቴ ተቀምጫለሁ። ቤዜ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ደብዳቤዎቻችሁን ለማንበብ ጊዜ ሞልቶኛል። ለማታውቁኝ፦ 22 ዓመት ቤዝ ጊታር ተጫውቻለሁ። ሠርግ፣ ሆቴል፣ ክለብ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ስታዲየም። የማላውቀው ብዙ ነው። የደረሰብኝን ግን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

«ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሆቴል ባንድ ቤዝ እጫወታለሁ፤ ሦስት ዓመቴ ነው። ሥራ ሲያልቅ ጆሮዬ ይጮኻል። ጠዋት ስነሣ ይተወኛል። ድራመራችን ‹ትለምደዋለህ› ይለኛል። እውነት ይለመዳል?» — ቤዚስት፣ ከሐዋሳ

ወንድሜ፣ እኔንም ‹ትለምደዋለህ› ብለውኝ ነበር። ለመድኩት። የሆነውን ልንገርህ።

11 ዓመት ከድራመሩ በስተቀኝ ቆሜያለሁ። ሲምባሉ (የድራሙ የነሐስ ሳህን) ከግራ ጆሮዬ ቢርቅ አንድ ክንድ ነው። አንድ ማታ ሰፈራችን መብራት ጠፋ። የ7 ዓመት ልጄ ከመኝታ ቤት ሆና «አባዬ፣ ፈራሁ» አለችኝ። እኔ የሰማሁት «ሠራሁ» ነው። የቤት ሥራ እንድትሠራ አዝዣት ነበራ! «ጎበዝ!» አልኳት። ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ ግድግዳውን እየዳበሰች፣ እያለቀሰች መጣች።

በማግስቱ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ጸጥ ባለች ጠባብ ክፍል አስቀመጡኝ። ማዳመጫ አደረጉልኝ፤ ድምፅ በሰማህ ቁጥር ቁልፉን ተጫን አሉኝ። ወረቀቱ ሲወጣ መስመሩ ጥሩ ሄዶ ሄዶ 4,000 ኸርዝ (ቁጥሩ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል) አካባቢ ቁልቁል ወርዷል። ከዚያ መልሶ ትንሽ ቀና ይላል። ሐኪሟ እስክሪቢቶዋን ጉድጓዱ ላይ አሳርፋ «ምንድን ነው ሥራህ?» አለችኝ። ሳልነግራት አውቃዋለች።

በውስጠኛው ጆሯችን ድምፅ የሚቀበሉ ጥቃቅን ፀጉራም ሴሎች አሉ። በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ ናቸው። ጩኸት ሲበዛባቸው እንደተረገጠ ሣር ይተኛሉ። ካሳረፍካቸው አንዳንዶቹ ይነሣሉ፤ ጠዋት የሚተውህ ለዚህ ነው። የሞተው ግን መልሶ አይበቅልም። መጀመሪያ የሚጎዱት ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ የሚይዙት ናቸው። ሰ፣ ፈ፣ ሸ፣ ተ የሚኖሩት እዚያ ነው። አናባቢው ወፍራም ስለሆነ ይሰማል። ስለዚህ ሰው ሲናገር እሰማለሁ፤ ቃሉ ግን ያመልጠኛል። «ፈራሁ» እና «ሠራሁ» ለኔ አንድ ሆነዋል።

የሚያስቀው፣ የቤዝ ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ 41 ኸርዝ ነው። የተቦረቦርኩት 4,000 ላይ ነው። የራሴ ቤዝ ንጹሕ ነው አልልም፤ ግን ከጎኔ ያለው ሲምባልና ከእግሬ ሥር ቀና ብሎ ፊቴ ላይ የሚጮኸው ሞኒተር (የመድረክ ስፒከር) ትልቁን ድርሻ ይወስዳሉ። የጆሯችን ቱቦ ራሱም 3,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያጎላዋል።

አሁን ሒሳቡን ያዝልኝ። 85 ዴሲቤል (የጩኸት መጠን መለኪያ ነው) ለ8 ሰዓት ይፈቀዳል ይላሉ የሙያ ጤና ሰዎች። ከዚያ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 97 ላይ ግማሽ ሰዓት። 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ። ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ ጭኜ ከድራሙ አጠገብ አስቀመጥኩት። 100 አካባቢ ይዋልላል። በስልክ የተለካ ነው፣ ትንሽ ይሳሳት ይሆናል። ቢሆንም ሦስተኛው ዘፈን ላይ የቀኑ ኮታዬ አልቋል ማለት ነው። እኛ ደግሞ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እንጫወታለን።

መፍትሔው የጆሮ መድፈኛ ነው፤ ግን የትኛው? ጥጥ እንዳትወትፍ፣ ምንም አይረባም። የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት ስፖንጅ ጆሮህን ያድናል፤ ቀጭኑን ድምፅ ግን ከወፍራሙ አብልጦ ስለሚቆርጥ ባንዱ በሙሉ ከብርድ ልብስ ሥር የሚጫወት ይመስልሃል። ለሙዚቀኛ ተብሎ የተሠራ፣ ውስጡ ማጣሪያ ያለው አለ። ወፍራሙንም ቀጭኑንም እኩል ይቀንሳል። 15 ዴሲቤል የሚቀንሰውን ብታደርግ 100 የነበረው 85 ይሆንልሃል። 15 ደቂቃህ 8 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። በጆሮህ ቅርጽ ልክ የሚሠራም አለ፤ ውድ ነው፣ ዝግጁውም ለመጀመሪያ ይበቃሃል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ትጠላዋለህ። እኔ ከባንዱ ተለይቼ ጉድጓድ ውስጥ የገባሁ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ሥራ ላይ አትጀምረው፤ ልምምድ ላይ ጀምር። ቤዝ እንደሆነ በእግርህና በሆድህም ትሰማዋለህ። አብረህ የምትዘፍን ከሆነ የገዛ ድምፅህ ራስ ቅልህ ውስጥ ይጮኽብሃል፤ እሱም ያልፋል።

ሌላው አምፕህ፣ የቤዙ ድምፅ ማጉያ ነው። መሬት ላይ ካስቀመጥከው የሚጫወተው ለባትህ ነው። አልሰማ ሲልህ ትጨምራለህ፤ ጊታሪስቱም ይጨምራል፤ ከዚያ ማን ያቆማችኋል? የቢራ ሳጥን ላይ አውጣውና ወደ ጆሮህ ቀና አድርገው። ራስህ ትቀንሰዋለህ። ከሲምባሉም አንድ ሁለት እርምጃ ሽሽ። ወደ ቤት ስትሄድ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ማዳመጫ አትሰካ፤ ጆሮህ ይረፍ።

አንድ ነገር ግን አደራ። አንዱ ጆሮህ በድንገት ጭልጥ ብሎ ቢደፈንብህ ወይም ጩኸቱ ጠዋት አልተው ቢልህ ሐኪም ጋ ሂድ። በተለይ ድንገተኛው ቀጠሮ አይሰጥም፤ ሕክምናው የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ጆሮህ ውስጥ የሚጨምር ዘመድ ከመጣ አመስግነህ ሸኘው።

«የቤዝ ክር ዋጋው አልቀመስ ብሏል። አሮጌውን መቀቀል ይቻላል ሲሉ ሰማሁ። ቀልድ ነው?» — ከአዳማ

ቀልድ አይደለም። ክሩ ላይ የተጠቀለለው ቀጭን ሽቦ መሐል ላብ፣ የእጅ ቅባትና ቆሻሻ ይገባል። ድምፁ የሚሞተው በዚያ ነው። የፈላ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ ያህል ብታቆየው ቆሻሻው ይለቃል። አውጥተህ በደንብ አድርቀው፤ እርጥብ ከቀረ ይዝጋል። ለጥቂት ሥራዎች አዲስ መስሎ ይጮህልሃል። ከዚያ ይመለሳል።

መጀመሪያ የቀቀልኩት በባለቤቴ የሽሮ ድስት ነው። ውኃው ምን ዓይነት ቀለም እንዳወጣ አልነግርህም። ድስቱን አጥቤ መለስኩት፤ ነገሩን ያወቀችው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ድራመራችን ቤታችን ምሳ እየበላ ሲያወራ ነው። የራስህን ድስት ግዛ።

ሁለቴ ከቀቀልከው ይብቃው። ሲፈታና ሲጠመዘዝ ቁልፉ ላይ ያለው ቦታ ይደክምና ይበጠሳል። ላዩ ለስላሳ የሆነው ክር ላይ ደግሞ አትልፋ፤ ቆሻሻ የሚገባበት ጎድጓዳ ስለሌለው ብዙም አይሞትም። ከሁሉ የሚረክሰው ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው። በነገራችን ላይ፣ ለትዝታ እኔ ያረጀ ክር እመርጣለሁ። አዲስ ክር ይንጫጫል፤ ትዝታ ደግሞ መንጫጫት አይወድም።

«የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ቤዝ መጫወት ጀምሯል። ለግንቦት ስመጣ ቤዝና አምፕ ላመጣለት አስቤያለሁ። ምን ልግዛ?» — አንዲት እህት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ ቤዙን አምጪ፤ አምፑን ተዪው። የእናንተ አገር መብራት 120 ቮልት ነው፤ የኛ 220። ከአሜሪካ በፍቅር የመጣ አምፕ ሠርግ ላይ ሲሰካ አይቻለሁ። ጢስ ወጣ፣ ሙሽሮቹ የመድረክ ጢስ መስሏቸው አጨበጨቡ። ሁለቱንም ቮልት የሚቀበል አምፕ አለ፤ ከኋላው ተጽፏል፣ አንብቢ። ካልተጻፈ በትራንስፎርመር እየቀነሰ ሊጠቀም ይችላል፤ ግን ክብደቱ! ሻንጣሽ 23 ኪሎ ነው፤ ለእናቱ ጫማ መያዝ የለብሽም?

በዚህ ፈንታ ትንሿን ዲአይ ቦክስ አምጪለት። ቤዙን በቀጥታ ከሳውንድ ማኑ ሚክሰር ጋር ታገናኝለታለች፣ በሞንታርቦው ይሰማል። የኤሌክትሪኩን እምምም የሚል ድምፅ የምትቆርጥበት ማብሪያም አላት። (የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ እምምታው ጂ ከሚባለው ኖታ ትንሽ ከፍ ይላል። በጂ ስንጫወት መብራት ኃይል አብሮን ይጫወታል፤ ግን ቅኝቱን ስቶ።)

ቤዙን በተመለከተ፣ ባትሪ የማይፈልገውን ዓይነት ግዢ። አሜሪካዊው ጊታር ሠሪ ሊዮ ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ አንድ የድምፅ ቁልፍና አንድ የቶን ቁልፍ ነው ያለው፤ ዛሬም የእሱን ዓይነት ርካሾች ሞልተዋል። ባትሪ ያለው ቤዝ ጃኩ (የገመዱ መሰኪያ) ተሰክቶ ካደረ ባለ 9 ቮልቱን ባትሪ ይጨርሰዋል። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ሰክቼ ረስቼ፣ ሙሽራዋ ልክ ስትገባ ቤዜ ጸጥ አለ። እልልታው ሸፈነልኝ። ሦስት ጥቅል ክር ጨምሪበት፣ ሰፊ የትከሻ ማሰሪያም፤ ቤዝ 4 ኪሎ ገደማ ነው። ኪስሽ ውስጥ ደግሞ የጆሮ መድፈኛ። ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነው፤ ከሁሉ በፊትም እሱን ያዢ።

«19 ዓመቴ ነው። እጄ ትንሽ ስለሆነ ቤዝ አይሆንሽም ተባልኩ። ክራር ልያዝ?» — ከባሕር ዳር

ክራር ከወደድሽ ያዢ። እጅሽ ትንሽ ስለሆነ ብለሽ ግን አይሆንም። ወደ መቃኛ ቁልፎቹ ባለው የአንገቱ ክፍል ላይ ለእያንዳንዱ ፍሬት (አንገቱን ለሚከፋፍለው ብረት) አንድ ጣት መዘርጋት ግዴታ አይደለም። የኮንትራባስ ተጫዋቾች እንደሚያደርጉት አመልካች፣ መሐልና ትንሿን ጣት ተጠቀሚ፤ የቀለበት ጣትሽ ትንሿን ትርዳት። የተለመደው ቤዝ የክሩ ርዝመት 86 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 76 የሆነ አጭርም አለ። አውራ ጣትሽን ከአንገቱ ኋላ መሐል ላይ አድርጊ፣ አታንቂው። የሮሃ ባንዱን ቤዚስት ጆቫኒ ሪኮን አድምጪ። ጣቱን ስለዘረጋ አይደለም እንደዚያ የሚያስጨፍረው፤ የት ዝም እንደሚል ስለሚያውቅ ነው።

«ልጄ አካውንቲንግ ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ፣ ትቶት ቤዝ ጊታር ተሸክሞ ይዞራል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው የሚገባው። በዚህ ሥራ ቤት ይመሠረታል?» — እናት፣ ከደሴ

እናቴ፣ ልዋሽዎት አልችልም። የኛ ገንዘብ እንደ ዝናብ ነው። ጥር ላይ ሠርግ በሠርግ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያና ግንቦትም እንደዚያው። ሁዳዴ ላይ ይደርቃል። ክረምት ይቀዘቅዛል፤ ለአዲስ ዓመት መለስ ይላል። ጥር ላይ ያገኘውን ጥር ላይ የበላ ቤዚስት ሁዳዴን በብድር ይጾማል። እኔ ካገባሁ በኋላ ነው የተማርኩት፤ የሠርግ ገንዘብ ግማሹ ሳይነካ ለባለቤቴ ይገባል።

አካውንታንት መሆኑ ግን መልካም ነው። ባንድ ውስጥ ጥሩ ሶሎ የሚጫወት አይጠፋም፤ ቀብድ ሳይቀበል የማይንቀሳቀስና ውል የሚጽፍ ነው የሚጠፋው። እኛ አንድ ጊዜ «ቀሪውን ከኬኩ በኋላ» ተብለን እስከ ንጋት ተጫውተን፣ ከፋዩ ከኬኩ በኋላ ጠፋ። የእርስዎ ልጅ ቢኖር ኖሮ አይሆንም ነበር። ግማሹን በቅድሚያ፣ ቀሪውን ከመጨረሻው ዙር በፊት፣ የሌሊት ታክሲም በውሉ ውስጥ ይጻፍ ይበሉት። ለሙዚቀኛ በነጻ የሚመጣው መጠጥ ብዙ ነው፤ እሱንም ይጠይቁት፣ እናት ስትጠይቅ ይከብዳል።

ሲገባ አይቆጡት። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽበት ነው ያደረው። የሚበላ ነገር ያስቀምጡለት፤ ከቀዘቀዘ ራሱ ያሞቃል። እና አንድ ነገር ያስተውሉልኝ፦ ቴሌቪዥኑን ከድሮው አስበልጦ ከፍ ማድረግ ከጀመረ፣ ወይም ከኋላው ሆነው ቀስ ብለው ሲጠሩት «እ?» ካለ፣ ይጻፉልኝ።