ስለ እናትሽ የጉልበት ቅየራ ለጠየቅሽው

የኔ ልጅ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እናትሽ 67 ዓመታቸው ነው፣ ስኳር አለባቸው፣ ቀኝ ጉልበታቸው በሚቀጥለው ወር ሊቀየር ነው፣ መኝታቸው ደግሞ ፎቅ ላይ ነው። ሕመሙ ምን ያህል ነው፣ ደረጃ መቼ ይወጣሉ፣ ስግደትስ ይቀራል ወይ ብለሻል። የማኅበር ጓደኞቻቸው "አጥንት ከተነካ አይድንም" ብለው እንዳስፈሯቸውም ጽፈሻል። እኔም እዚሁ ቨርጂኒያ ቀኝ ጉልበቴን አስቀይሬያለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ፍርሃታቸውን እናቅልለው። አጥንቱን ነቅለው አይጥሉትም። ያለቀውን የአጥንት ጫፍ በስሱ ቆርጠው በብረት ይሸፍኑታል፣ መካከሉ ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። ሥራው ባብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ነው። ብዙ ጊዜም ከወገብ በታች ብቻ አደንዝዘው ይሠሩታል። በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ 100 ጉልበቶች 82 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ አሳይቷል። በእናትሽ ዕድሜ ይህ በቂ ነው።

አሁን ዋናውን ልበልሽ። ቀዶ ጥገናው የሐኪሙ ሥራ ነው። ጉልበቱ መታጠፍና መዘርጋት መቻሉ ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የእናትሽና የቤተሰቡ ሥራ ነው። እኛ የታመመ ሰው ስንወድ "አይነሱ፣ አይድከሙ፣ ይተኙ" እንላለን። ለዚህ ሕመም ይህ አይሆንም። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ በዎከር፣ ማለትም በሁለት እጅ ተይዞ በሚገፋ የመራመጃ ድጋፍ፣ ያስነሷቸዋል፤ ቤት ከገቡ በኋላም በየሰዓቱ ተነስተው ትንሽ ትንሽ መራመድ አለባቸው። ከሁሉ በላይ ከጉልበታቸው ሥር ትራስ እንዳታደርጊ፣ ሌላ ሰውም እንዳያደርግላቸው ጠብቂ። እኔን ልትጠይቅ የመጣች ዘመድ ሁሉ ትራስ እያነሳች ትመጣ ነበር። እውነት ነው፣ ጉልበት ትንሽ ሲታጠፍ ሕመሙ ይቀላል። ነገር ግን እንደታጠፈ ከሰነበተ ውስጡ የሚሠራው ጠባሳ እዚያው ያደርቀዋል፣ ከዚያ በኋላ እያነከሱ መሄድ ነው። ፎጣ ጠቅልለሽ ከተረከዛቸው ሥር አድርጊና ጉልበቱ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይዘርጋ። ያማል፣ ላብ ያመጣል፣ ግን እሱ ነው የሚያድናቸው።

ፊዚዮቴራፒስቷ በፕላስቲክ ማዕዘን መለኪያ እየለካች ቁጥር ትነግርሻለች፤ ጻፊው። ሲዘረጋ ወደ 0 ዲግሪ መጠጋት አለበት። ሲታጠፍ 90 ከደረሰ ወንበር ላይ በደንብ ይቀመጣሉ፣ ወደ 110 ሲጠጋ ደረጃ መውረድና ከመቀመጫ መነሳት ይቀላል። ቁጥሩ ለሳምንታት አንድ ቦታ ከቆመ ለሐኪሙ ቶሎ ንገሪው፤ አደንዝዘው የሚያጥፉበት መንገድ አለ፣ ሲዘገይ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል።

ሕመሙን አልደብቅሽም፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሌሊቱ ከባድ ነው። እንቅልፍም ለረጅም ጊዜ ይረበሻል። እዚህ ላይ አደራ የምልሽ አለ። ነርሷ "ሕመምዎ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?" ስትላቸው እናቶቻችን "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" ይላሉ። እሷም ሕመም የለም ብላ ትጽፋለች፣ መድኃኒቱ ይቀንሳል፣ በማግስቱ እግራቸውን ማንሳት ያቅታቸዋል። ምስጋናው ለእግዚአብሔር፣ ቁጥሩ ለነርሷ መሆኑን አስቀድመሽ አስረጃቸው። አስተርጓሚም ጠይቂ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ አማርኛም በስልክ ይገኛል። እናት ለልጇ የማትናገረውን ለአስተርጓሚ ትናገራለች።

"ሱስ ይሆንብኛል" ብለው የሕመም ኪኒኑን እንዳይተዉት። ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት፣ በተለይ ከፊዚዮቴራፒ በፊት ይውሰዱ፤ እየቀለላቸው ሲሄድ ይቀንሳሉ። አንዳንዱ የሕመም ኪኒን ውስጡ ታይለኖል (ፓራሲታሞል) ስላለው ከሌላ ታይለኖል ጋር እንዳይደራረብ ፋርማሲስቱን ጠይቂ። የሕመም ኪኒኑ ሆድ ያደርቃልና ውኃና ተልባ አይለያቸው።

ደረጃውን ከሆስፒታል ሳይወጡ ያለማምዷቸዋል። ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የተቀየረው። ታች ሽንት ቤት ካለ ግን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፎቅ ሳይወጡ ታች አስተኚያቸው። ምንጣፉን ሁሉ አንሺ። ቡና ሲፈላ በርጩማ ላይ አይቀመጡ፣ መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ይሁን። ጠያቂ ሲበዛ እንቅስቃሴውም ጉልበቱ ላይ የሚደረገው በረዶም ይረሳል፣ እንግዳ ፊት እግራቸውን ማንሳት ያፍራሉና። እኔ ልጄ ከሰዓት በኋላ የተወሰነ ሰዓት ብቻ ለጠያቂ አድርጋ ነው የዳንኩት፤ የተቀየመ አልነበረም።

ስኳሩን ከአሁኑ አስተካክሉ። ከፍ ካለ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ ኢንፌክሽንም ይፈራል፤ ብዙ ሐኪሞች ቀጠሮውን ያራዝማሉ። የታመመ ጥርስ ካለም አስቀድሞ ይታከም። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል ወይም ሌላ የባህል መድኃኒት በብዛት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይነገር፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ስለሚሰጧቸው እንዳይደራረብ። ጾም ውስጥ ከዋለ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋገሩ፤ ቁስል የሚጠግነው እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት ነው። ጾሙን አልተውም ካሉ ሽሮና ምስር ይብዛ።

ስግደቱን በተመለከተ፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ መንበርከክ ለብዙ ሰው ክልክል አይደለም፣ ሐኪማቸው ይንገራቸው። ግን አይመችም፣ ከጠባሳው ጎን ያለው ቆዳም እንደደነዘዘ ሊቀር ይችላል። ተረከዝ ላይ እስከመቀመጥ አይታጠፍም። እኔ አሁን ቆሜ ጎንበስ እያልኩ እሰግዳለሁ፣ ለታመመ ይፈቀዳል ብለውኛል የንስሐ አባቴ። ቅዳሴ ግን መቋሚያ ይዤ ቆሜ አስቀድሳለሁ፤ ከቅየራው በፊት ወንጌል እስኪነበብ እንኳ መቆም አልችልም ነበር።

የጉልበቱ እብጠትና ሙቀት ለወራት ይቆያል፣ አትደንግጪ። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። ባት አብጦ ሲያም፣ ቁስሉ ፈሳሽ ሲያወጣ፣ ትኩሳት ሲኖር የዚያኑ ቀን ሐኪሙ ጋ ደውይ። ደረት ካመማቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ቀጥታ 911።

ዎከሬና ለሽንት ቤት የሚሆነው ከፍ ያለ መቀመጫ አሁንም ቤቴ አሉ። አሌክሳንድሪያ አካባቢ ከሆናችሁ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ውሰጂያቸው፤ እናትሽም ከቀዶ ጥገናው በፊት ሊያናግሩኝ ከፈለጉ ደስ ይለኛል።